«ከአድዋ የተገኘ ኦርጅናል ሄልሜት» ስንት ያወጣል? አሮጌ የወታደር ቁር መሰብሰብ ለምትጀምሩ

እንበልና ስልካችሁን እየነካካችሁ ሳለ አሮጌ እቃ በሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ ፎቶ አያችሁ። ዝገት የበላው የብረት ሄልሜት ነው። ከስሩ «ኦርጅናል፣ ከአድዋ ጦርነት የተገኘ፣ ለፈጣን ገዢ» ይላል። ዋጋው የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያህላል። ሻጩ ቀብዱን ዛሬውኑ በቴሌብር እንድትልኩለት ይፈልጋል።

ዋጋው ተወደደ ረከሰ ከማለታችን በፊት ዓመት እንቁጠር። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896። ዘመናዊው የእግረኛ ወታደር የብረት ቁር የመጣው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፈረንሳዮች «አድሪያን» የሚባለውን ቁር ለወታደሮቻቸው በብዛት ማደል የጀመሩት በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። አድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ወታደር ያደረገው ከቡሽ ተሰርቶ በጨርቅ የተሸፈነ ቆብ ነበር። በመካከል 19 ዓመት አለ። ፎቶው ላይ ያለው ብረት ከየትም ይምጣ ከአድዋ አልመጣም።

ይሄ ማለት ግን እቃው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ምናልባት ጣሊያን በ1930ዎቹ ያወጣችው «ኤም 33» የሚባለው ሞዴል ይሆናል፤ እሱም ሰብሳቢ አለው። ዋጋው ግን የኤም 33 ዋጋ ነው እንጂ የአድዋ ዋጋ አይደለም። የዚህ ጽሁፍ ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ነው፦ ብሩን የምትከፍሉት በእጃችሁ ለያዛችሁት ብረት፣ ቆዳና ቀለም ነው። ሻጩ የሚያወራው ታሪክ በወረቀት ወይም በፎቶ ካልተደገፈ ዋጋው ዜሮ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ ከየት ይታወቃል? መጀመሪያ ሻጮች ከሚጠሩት ዋጋ ራቁ። ሰው እቃውን አንድ ሚሊዮን ብር ብሎ ሊለጥፍ ይችላል፤ መለጠፍ ገንዘብ አያስወጣም። የሚጠቅማችሁ በእርግጥ ተሽጦ ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ ስትፈልጉ ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ «ሶልድ አይተምስ» የሚለውን ምረጡ። ያኔ በቅርብ ወራት የተሸጡት ብቻ ይመጡላችኋል። እዚያም አንድ ወጥመድ አለ፦ ዋጋው ላይ ሰረዝ ተስቦበት «ቤስት ኦፈር» ተቀብሏል ካለ ገዢው የከፈለው ከሚታየው ያነሰ ነው። የጨረታ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ደግሞ መዶሻው የወደቀበት ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረው ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ቦታ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው።

እንዲህ እያላችሁ የአንድ ሞዴል አስር ያህል ሽያጮች በስልካችሁ ኖት ላይ መዝግቡ። ሳትገዙ አንድ ሁለት ወር ብትቆዩ ምንም አይቀርባችሁም። በጣም የተወደደውንና በጣም የረከሰውን ጣሉት፤ የቀሩት የሚሰባሰቡበት አካባቢ ዋጋው ነው። ማወዳደር ያለባችሁ ግን አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለጀማሪ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሄልሜቶች የዋጋ ልዩነታቸው አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካው «ኤም 1» እንየው። ለኛም ቅርብ ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካ መሳሪያና ትጥቅ ስለነበር በፎቶዎቹ ላይ የምናየው ቁር ይሄው ነው። አሜሪካኖቹ ሞዴሉን ያጸደቁት በ1941 ሲሆን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከ20 ሚሊዮን በላይ አምርተዋል። ከዚያም በኮሪያና በቬትናም ቀጥሎ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አገልግሏል። ስለዚህ «ኤም 1 ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ዋጋው ምንም አይነግራችሁም። የቬትናም ዘመኑ በአስር ዶላሮች ሊገኝ ሲችል፣ የጦርነቱ መጀመሪያ ላይ የተሰራውና ክፍሎቹ ያልተቀያየሩት ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል።

ልዩነቱን የምታዩት ጠርዙ ላይ ነው። የብረቱን ጠርዝ ዞሮ የከበበው ቀጭን ቅጠል ሁለት ጫፎቹ የሚገናኙበት ቦታ አለ። መጋጠሚያው ግንባር በኩል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰራ ነው፤ ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ማጅራት በኩል ዞሯል። ቀጥሎ የአገጭ ማሰሪያው የሚንጠለጠልባቸውን ሁለት ቀለበቶች ነካ አድርጉ። ከብረቱ ጋር ተበይደው የማይንቀሳቀሱ ከሆኑ የቀደመው ዓይነት ነው፤ እንደ ማጠፊያ የሚወዛወዙ ከሆኑ ከ1943 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ነው። ግንባር በኩል መጋጠሚያ ያለውና ቀለበቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። የማይንቀሳቀሰው ቀለበት ቶሎ ይሰበር ስለነበር ሳይሰበር የቆየው ጥቂት ነው።

ማግኔትም ያዙ። አሜሪካኖቹ ለኤም 1 የተጠቀሙት ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ማግኔትን አይስብም፣ ወይም በጣም በደከመ ሁኔታ ነው የሚስበው። ከጦርነቱ በኋላ በርካታ የአውሮፓ አገሮች ተመሳሳዩን ለራሳቸው ሰርተዋል፤ ብዙዎቹ ከተራ ብረት የተሰሩ ስለሆኑ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛቸዋል። እነዚህ ርካሽ ናቸው። አንዳንድ ሻጭ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ የአሜሪካ ነው ሊላችሁ ይችላል። የሃምሳ ብር ማግኔት ብዙ ሺህ ብር ያድናል።

ኤም 1 ሁለት ነገር ነው፤ ከላይ የብረቱ ቅርፊት፣ ከስር ለብቻው የሚወጣ ቀለል ያለ የውስጥ ቆብ። ሁለቱ በቀላሉ ስለሚለያዩ በ80 ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ተቀያይረዋል። የጦርነቱ ዘመን የውስጥ ቆብ ግንባሩ ላይ ለማዕረግ ምልክት የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ የኋለኞቹ የላቸውም። ብረቱ የ1943፣ ውስጡ የቬትናም ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ዋጋ ስጡት። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው) ብረቱ ለብቻው 120፣ የቬትናሙ ውስጥ ለብቻው 30፣ አዲስ የተሰፋ ማሰሪያ 10 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ የእቃው ዋጋ 160 ነው። ሻጩ «ሙሉ ነው» ብሎ 400 ቢጠራ ሙሉ የሆነው ለዓይን ነው እንጂ ለገበያ አይደለም። አብረው ኖረው አብረው ያረጁ ክፍሎች ግን ከድምራቸው በላይ ያወጣሉ። ይሄ ገበያው የተስማማበት ነገር ነው፤ እኛም ትክክል ይመስለናል።

የጀርመኖቹ ላይ አናቆያችሁም፤ ምክንያቱም ለጀማሪ አንመክርም። በገበያው ውስጥ በብዛት የሚፈበረከው እሱ ነው። በተለይ የኤስ ኤስ ምልክት ያለበት በሺዎች ዶላር ስለሚሸጥ፣ መቶ ዶላር በሚያወጣ ብረት ላይ ምልክት የሚለጥፍ ሰው ትርፉን አስቡት። ኢቤይ የናዚ ምልክት ያለበትን እቃ ይከለክላል፤ ጀርመን ውስጥም ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስጠይቃል። ለማወቅ ያህል ግን አንድ መፈተሻ አለ፦ ብረቱ ውስጥ ከአምራቹ ፊደል ጋር የተመታ ቁጥር አለ፤ እንበል 64። ለ64 ብረት የሚገባው የውስጥ ቆዳ ቁጥር 56 ወይም 57 ነው። ቆዳው 60 የሚል ከሆነ ከሌላ ሄልሜት የመጣ ነው። በነገራችን ላይ ከ1945 በኋላ ጀርመን ውስጥ የተረፉት ቁሮች በፋብሪካ ተጨፍልቀው የፓስታ ማጥለያና ድስት ሆነዋል። ያ ማጥለያ ራሱ ዛሬ ሰብሳቢ አለው።

ወደ ጣሊያኑ እንመለስ፤ እዚህ አገር የመገኘት እድል ያለው እሱ ነውና። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ የመጣው ወታደር በብዛት ያደረገው አሁንም የቡሽ ቆብ ነበር። በካኪ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ግንባሩ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ቀለም ያለው ክብ ጌጥና የክፍሉ የብረት ምልክት ያለበት። እሱ ላይ ዋጋውን የሚወስነው ቡሹ አለመሰንጠቁ፣ ጨርቁ በምስጥ አለመበላቱና ጌጡ የራሱ መሆኑ ነው። ጌጡ ተለይቶ ስለሚሸጥ በሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። የብረቱ ኤም 33 ደግሞ ከጦርነቱ በኋላም በጣሊያን ሠራዊት ውስጥ ለአስርት ዓመታት ስለቆየ ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው የኋለኛው ነው። የጦርነቱ ዘመን የአገጭ ማሰሪያ ቆዳ ነው፤ የኋለኛው ሸራ መሰል ጨርቅ ነው። ግንባሩ ላይ በጥቁር ቀለም የታተመ የክፍል ምልክት ካለ ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ካርቶን ቀዶ ስፕሬይ መንፋት ማንም ይችላል። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከጭረቱ በኋላ የተቀባ ነው ማለት ነው። አሮጌ ምልክት ከስሩ ካለው ቀለም ጋር አብሮ ይፋቃል።

«የአስካሪ ሄልሜት» የሚል ማስታወቂያም ካያችሁ ቆም በሉ። የኤርትራ አስካሪዎች መለያ ቀዩ ታርቡሽ ነበር።

ሱቆች ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽበት ሰማያዊ መብራት አለ አይደል? እሱም ይጠቅማል። ዘመናዊ ክርና ጨርቅ ብዙ ጊዜ በዚያ መብራት ስር ያበራል። ማሰሪያው የተሰፋበት ክር ቦግ ካለ «የ1940 ነው» የሚለው ወሬ አበቃ። ካላበራ ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፤ አስመሳዮቹም ይሄን ያውቃሉ።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ሰዎች ይረሳሉ፤ የመመለስ መብት። የታወቀ ነጋዴ «ሁለት ሳምንት ፈትሸው፣ ካልሆነ ገንዘብህን እመልሳለሁ» ብሎ 20 በመቶ ቢጨምር ለጀማሪ የሚያዋጣው እሱ ጋ መግዛት ነው። ስሙ የማይታወቅ አካውንት ቀብድ ጠይቆ በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁ የገዛችሁት ሄልሜት ሳይሆን ሎተሪ ነው። እቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ ወይም የውስጡን፣ የጠርዙንና የማሰሪያውን ፎቶ በቀን ብርሃን ተነስቶ ሳታዩ ብር አትላኩ። ውስጡን ለማሳየት የሚያቅማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

በተቃራኒው ወገን ያላችሁም አላችሁ፤ ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ወይም ከአልጋ ስር የአያት ሄልሜት ያላችሁ። ልመናችን አንድ ነው፤ አታጽዱት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አብረቅራቂ ቀለም መቀባት «ማሳመር» ይመስላል፤ ለሰብሳቢ ግን የመጀመሪያው ቀለም ከሄደ የዋጋው ትልቁ ክፍል አብሮት ሄደ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ይበቃል። ምናለሽ ተራ ወስዳችሁ በብረት ኪሎ ከመሸጣችሁ በፊትም ፎቶ አንስታችሁ የሞዴሉን ስም ፈልጉ። ነጋዴ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ አካባቢ ቢሰጣችሁ ሌብነት አይደለም፤ የሱቁ ኪራይና እቃው እስኪሸጥ የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። አንድ አስረኛውን ቢሰጣችሁ ግን ሌላ ነገር ነው።

አያታችሁ ኮሪያ ዘምተው ከሆነ ሄልሜቱን ለብቻው አትስጡ። እላይ ታሪክ ያለ ማስረጃ ዜሮ ነው ብለናል፤ ማስረጃው እናንተ ቤት ሊሆን ይችላል። የዘመቻ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የሜዳሊያ ወረቀት፣ በአያት እጅ የተጻፈ ደብዳቤ አብሮ ከኖረ ያ ከሚሊዮኖቹ አንዱ የነበረው ኤም 1 ሌላ እቃ ይሆናል። ለየብቻ ከተሸጡ ማንም መልሶ አይሰበስባቸውም።

ውጭ ያለ ገዢ «በሻንጣ ላኩልኝ» ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ቅርስ የሆነ እቃ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ እናንተም ገዢውም አይደላችሁም። ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲከፈት ከመከራከር አስቀድሞ ወረቀት መያዝ ይሻላል።