ለሚገጣጠም መኪና ሞተርና ካምቢዮን አስማምቶ ስለ መምረጥ

ክፍሎቹ ተገዝተው ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና በእንግሊዝ አገር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችውን ሎተስ ሰቨን የተባለች ትንሽ መኪና ብዙዎች የገዟት ሳትገጣጠም ነበር፤ በጊዜው ያልተገጣጠመ መኪና ከግዢ ግብር ነጻ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1973 የግብሩ ሕግ ሲለወጥ ይህ ጥቅም ቀረ። ሆኖም በዚያው ዓመት መኪናዋን የመሥራት መብት ኬተራም ለተባለ ኩባንያ ተላልፎ ሥራው ቀጠለ።

ስለ እንዲህ ያለ መኪና በክፍል ስናነሳ ተማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ከሁሉ የሚበረታው ሞተር የትኛው ነው?» ብለው ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ይህ ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር ይስማማል?» የሚለው ነው። ሞተርና ካምቢዮ እንደ አንድ ምርጫ መታየት አለባቸው። ሳይስማሙ ቢገጠሙ ጉዳቱ በገንዘብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ካምቢዮው በጉዞ ላይ ተሰብሮ ቢነክስ የኋላ ጎማዎች በድንገት ሊቆለፉ ይችላሉና።

በመጀመሪያ ደረጃ መመርመር ያለበት መጋጠሚያው ነው። የሞተሩና የካምቢዮው የብሎን ቀዳዳዎች መግጠም አለባቸው። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ጥርሶች ከፍሪሲዮን ዲስኩ ጥርሶች ጋር በቁጥርም በስፋትም እኩል መሆን ይገባቸዋል። የዘንጉ ርዝመትም በሞተሩ በኩል ካለው ኩሽኔታ በትክክል የሚደርስ መሆን አለበት። ሞተሪኖውም የቮላኖውን ጥርስ በደንብ መያዝ ይኖርበታል። ፎርድ ታይፕ 9 የተባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በገጣጣሚዎች ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ደወል መሰል ሽፋን ተፈትቶ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ኬተራምም በ1990ዎቹ ይህን ካምቢዮ ከሮቨር ሞተር ጋር ያጣመረው ለዚሁ በተሠራ ሽፋን ነበር።

ሁለተኛው የመዞሪያ አቅጣጫ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስከ ዛሬ የምናያትን የቀድሞዋን ቮልስዋገን እንውሰድ። በአሜሪካ ብዙ የሚገጣጠሙ መኪናዎች በእርሷ ሻንሲ ላይ ተሠርተዋል። አንዳንዶችም ሞተሯን አውጥተው የሼቭሮሌት ኮርቬርን ሞተር ተክተዋል። ይሁን እንጂ የኮርቬር ሞተር የሚዞረው በተቃራኒው ነው። እንዲሁ ቢገጠም መኪናዋ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖራታል! መፍትሔው የዲፈረንሻሉን ኮሮና ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ነው።

ሦስተኛው የኃይልና የፍጥነት ስሌት ነው። የታይፕ 9 የማርሽ ምጣኔ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 3.65፣ 1.97፣ 1.37፣ 1.00 እና 0.82 ነው። ሞተሩ 130 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል አለው፣ የዲፈረንሻሉም ምጣኔ 3.9 ነው እንበል። በሰበቃ የሚጠፋውን ካልቆጠርን በአንደኛ ማርሽ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው 130 × 3.65 × 3.9፣ ማለትም 1,850 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የሞተሩ ኃይል እጥፍ ቢሆን ይህም እጥፍ ይሆናል፤ የካምቢዮው ጥርሶች ግን የተሠሩት ለተወሰነ ጫና ብቻ ነው።

ስለ ፍጥነትም እንዲሁ ይሰላል። የጎማው ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 926 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ 3,611 ዙር ያህል ሲዞር በአምስተኛ ወደ 2,960 ይወርዳል። ልዩነቱ በነዳጅና በሞተሩ ዕድሜ ላይ ይታያል።

በመጨረሻም ቦታውና ክብደቱ ይለካል። ኮፓው ከመሬት፣ የሞተሩ አናት ከኮፋኖው፣ ጎኑም ከመሪው ዘንግ ጋር መነካካት የለባቸውም። ግማሽ ቶን ገደማ በምትመዝን መኪና ላይ ከባድ ሞተር ሲጫን መሪውና ፍሬኑ አብረው መታየት አለባቸው።

ለክፍል ሥራ የሚከተለውን እናቀርባለን፦ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? መልሱ 45.5 ያህል ነው። ተማሪዎች ቀሪዎቹን ማርሾች ራሳቸው ያስሉ፤ ከዚያም የዲፈረንሻሉን ምጣኔ ለውጠው እንደገና ይሥሩት። የምጣኔ ትምህርት ምን እንደሚሠራ ያኔ በእጃቸው ይገባል።