ከመስመሩ በላይ የቆመ ዘይት

ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ የሚሠራ ሹፌር ዘይት እንዳያንስበት ይሰጋል። ስጋቱ ልክ ነው፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል። እንዳይበዛበት የሚሰጋ ግን እምብዛም አያጋጥምም። «ይብዛ እንጂ አይነስ» ይባልና ጋሎኑ እስኪያልቅ ይንቆረቆራል።

የሞተር ዘይት የሚያርፈው ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ፓምፑ ከዚያ እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ በግፊት ወደ ላይ ይልከዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ተንጠባጥቦ ይመለሳል። ከተጠራቀመው ዘይት ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ክራንክሻፍቱ ከነከባድ ክብደቶቹ ይሽከረከራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እነዚያ ክብደቶች በሰከንድ 50 ጊዜ ቁልቁል ይወርዳሉ ማለት ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ የላይኛው መስመር የተሰመረው ክብደቶቹ ሲወርዱ ዘይቱን እንዳይነኩ ታስቦ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከታችኛው መስመር እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከላይኛው መስመር ሩብ ሊትር ቢያልፍ አብዛኛው ሞተር ይችለዋል። አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲያልፍ ግን ክራንክሻፍቱ ዘይቱን መምታት ይጀምራል።

የተመታ ዘይት አረፋ ይሆናል። ነቅንቀው የከፈቱት የአምቦ ውሃ እጅዎን ሞልቶ እንደሚፈስና አረፋው ሲከስም መዳፍዎ ላይ ጠብታ ብቻ እንደሚቀር ሁሉ፣ ፓምፑም የሚስበው ብዙ መስሎ ጥቂት ነው። አየር በግፊት ይጨመቃል፤ ዘይት ግን አይጨመቅም። ስለዚህ አረፋው ክራንክሻፍቱን ወደሚያቅፉት ለስላሳ ብረቶች ሲደርስ ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀዩ የዘይት መብራት ሊበራ ይችላል። ረዳቱ «ጋሼ፣ የዘይት መብራት በራ!» ሲል የሹፌሩ መልስ ይታወቃል፦ «ጨምርበት!» መብራቱ የሚናገረው ግን ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘንጉን መዝዞና ጠርጎ ሳይለኩ መጨመር በሽታውን ማባባስ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ጭስ ነው። የተበተነው ዘይት ጉም ሆኖ በሞተሩ መተንፈሻ ወደ አየር መሳቢያው ይገባና ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፤ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ችግሩ በእኛ አገር ጭስ ማንንም አለማስደንገጡ ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተጭኖ ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ አየር ስለሚያጥረው በዳገቱ ጥቁር ጭስ መልቀቁ የተለመደ ነው። በዚያ መሃል ሰማያዊውን የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል፦ ጥቁሩ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፣ ሰማያዊው ዘይት። «ዘይት ሲበዛ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) ያፈነዳል» የሚለውን ወሬ ግን እኔ እንዳለ አልቀበለውም። መተንፈሻው እስካልተደፈነ ድረስ መጀመሪያ የሚያፈሰው ቀድሞም ያረጀው ፓራኦሊዮ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው በናፍጣ ሞተር ላይ የሚደርሰው ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም፤ የሚጠፋውም ነዳጁ ሲቋረጥ ነው። በመተንፈሻው በኩል በቂ ዘይት ከገባ ግን ዘይቱ ራሱ ነዳጅ ይሆንለታል። ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይጠፋም፤ ዙሩ እየጨመረ፣ ጭሱ መንገዱን እየሸፈነ፣ ዘይቱን እስኪጨርስ ወይም እስኪሰበር ይጮኻል። እንደዚያ ሲሆን በእጅ ማርሽ የሚሠራን መኪና ትልቁ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ ይቻላል። ሌላው መንገድ የአየር መሳቢያውን በጠንካራ ጣውላ መድፈን ነው፤ በእጅ ወይም በጨርቅ ግን በፍጹም፣ ስቦ ይወስዳል።

እንዴት ይበዛል ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ ከጋሎኑ ነው። ባለ 4 ሊትሩ ጋሎን ሦስት ሊትር ተኩል በሚበቃው መኪና ላይ ይገለበጣል፤ «ትራፊውን ምን ላደርገው?» ነው ነገሩ። አሮጌው ዘይት በደንብ ሳይንጠፈጠፍ አዲሱ ሲገባም እንዲሁ። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው የሚለካ ሰውም ይሳሳታል፤ ዘይቱ ገና ከላይ ስላልወረደ ያነሰ ይመስለዋል። አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ መኪናውንም ተዳፋት ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ማቆም ያስፈልጋል።

ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ያለ ዘይት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘንጉን ሲያሸቱት ናፍጣ ወይም ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው፤ ዘይቱ ቀጥኗል። ወተት መስሎ ከነጣ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱም ተቀንሶ የሚታለፍ አይደለም፤ መኪናው ሳይነሳ ጋራዥ ይጠራል።

ትርፉ ከጋሎን የመጣ ንጹሕ ዘይት ከሆነ ማውጣቱ ቀላል ነው። የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ በትኩስ ዘይት እጅ ከማቃጠል፣ በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ጎማ አስገብቶ በትልቅ መርፌ እየሳቡ በየመሃሉ መለካት ይሻላል። የወጣው ዘይት ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ ከተቀመጠ ለቀጣዩ ጭማሪ ያገለግላል።