አዲስ መኪና ምን ይቀባ? ሳይቃጠል በቅጠል

በከተማችን በድሬዳዋ አንድ ሰው አዲስ መኪና ገዝቶ ሲገባ «እንኳን ደስ ያለህ» ከሚለው ይልቅ የሚቀድመው ምክር ነው። አንዱ «ሰም አስቀባው» ይላል። ሌላው «ሰም ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ሴራሚክ ይሻላል» ሲል ይከራከራል። ሦስተኛው ደግሞ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ብቅ ይልና ይህን የመሰለ ማብረቂያ እንደሌለ ይምላል። ባለ ንብረቱ የዓመታት ቁጠባውን፣ ምናልባትም ዕዳውን ጭምር በላሜራው ላይ አኑሯልና ጭንቀቱ የዋዛ አይደለም። እኛም በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ያለፍን በመሆናችን፣ ከስሕተታችን የተማርነውን ለሠራዊቱ አባላትና ለከተማው ነዋሪ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ለዕቃ ማመላለሻ የምትሆን አንዲት ነጭ ፒክአፕ ገዛን። ከመካከላችን አንዱ ባለ ሱቅ፣ አንዱ መምህር ሲሆኑ፣ ሦስተኛው በሠራዊቱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ከባድ ተሽከርካሪ ሲያሽከረክሩ የኖሩና አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙ ሃምሳ አለቃ ናቸው። መኪናይቱ በጅቡቲ ወደብ ወርዳ በደወሌ በኩል ስትደርስ በእጃችን የቀረው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ያንኑ ገንዘብ ለሴራሚክ ሽፋን እንክፈለው ወይስ ለሥሯ ጸረ ዝገት ቅብ እናውለው በሚለው ላይ አሳባችን ተከፋፈለ። ሃምሳ አለቃ «መኪና የሚሞተው ከሥሩ ነው» አሉ፤ ባለ ሱቁ ግን የላይኛው መልክ ካልተጠበቀ በሽያጭ ጊዜ ዋጋ እንደሚወርድ አስረዳ።

ክርክሩ እልባት ሳያገኝ ባለ ሱቁ ከእኛ ጋር ሳይመክር መኪናይቱን ወደ አንድ ቀለም ማብረቂያ ቤት ወሰዳት። በዚያም «አዲስ መኪና ከመቀባቱ በፊት በማሽን በደንብ መፈተግ አለበት» ተብሎ ሥራው ተጀመረ። ማሽኑ በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሲቆይ ቀለሙ አልቆ ግራጫው መሠረተ ቅብ ብቅ አለ። አንድ ወር ያልሞላት መኪና እንደገና ቀለም ቀቢ ዘንድ ገባች። የጠፋው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ሦስታችንም ለአንድ ሳምንት ያህል ሳንነጋገር ሰነበትን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ቀለሙ ምን ያህል ስስ ነው?

የደረሰብንን ጉዳት ለመረዳት የመኪና ቀለም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በፋብሪካ ውስጥ ላሜራው ታጥቦ በፎስፌት ከተዘጋጀ በኋላ፣ ገንዳ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ ኃይል ጸረ ዝገት ቅብ እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚያ በላይ መሠረተ ቅብ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያየው ቀለም፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት የጠራ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የቫርኒሹ ድርሻ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ዘለላ የራስ ጠጉር ይሳሳል። የፀሐይን ጨረር የሚመክተው ንጥረ ነገር የሚገኘው በዚሁ ስስ ቫርኒሽ ውስጥ ነው። ስለሆነም በማሽን የሚፈተግ መኪና ሁሉ ከጋሻው ጥቂት እየተቀነሰለት ይሄዳል። ቫርኒሹ ካለቀ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊትም ይላጣል።

በአካባቢያችን የቀለም ጠላቶች ብዙዎች ናቸው። በባሕሩ ዳርቻ ያለው ጨዋማ አየር፣ በቆላው መንገድ የሚነሣው አሸዋ፣ በደጋው ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይጠቀሳሉ። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ቢቀዘቅዝም ቀለም አይተርፍም። የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫም በሞቀ ላሜራ ላይ ከቆዩ ቫርኒሹን ይበሉታል። የድሬዳዋ ውኃ የማዕድን ብዛት ደግሞ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ በሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የታወቀ ነው፤ ጠብታው በመኪና ላይ ሲደርቅ ያንኑ ነጭ ምልክት ይተዋል።

አራቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው ሰም ነው። አገራችን በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም በመሆኗ፣ ለጧፍ የሚሆነውን የንብ ሰም ገዝቶ መኪና ለመቀባት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በቀትር ፀሐይ የቆመ ጥቁር ላሜራ ግን ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለብቻው የተቀባ የንብ ሰም ለስልሶ አቧራ ይሰበስባል። ለመኪና የሚመረጠው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ሲሆን፣ የሚቀልጠው ከ82 ዲግሪ በላይ ነው። ዋጋው መጠነኛ፣ አቀባቡም ቀላል ነው፤ ዕድሜው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ብቻ ነው።

ሁለተኛው በኬሚካል የተቀመመ የፖሊመር ቅብ ነው። እንደ ሰም በእጅ የሚቀባ ሆኖ፣ ሙቀትንና ሳሙናን ከሰም የበለጠ ስለሚችል ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል።

ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው። ይህ በሲሊካ ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ሲሆን፣ ቫርኒሹ ላይ ደርቆ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ውፍረት ያለው ጠንካራ ሽፋን ይሠራል። በሚገባ ከተቀባ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ መኪናውንም ለማጠብ ያቀላል። ሆኖም ሻጮች «ጥንካሬው ዘጠኝ ኤች ነው» ሲሉ ብዙ ሰው እንደ አልማዝ የጠነከረ ይመስለዋል። ይህ መለኪያ የእርሳስ መለኪያ ነው። በቅቡ ላይ እርሳስ ተገፍቶ መጫሩ ወይም አለመጫሩ የሚታይበት እንጂ ከድንጋይ ጥንካሬ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠር ሴራሚክንም ቀለምንም በአንድነት ይፈነቅላል። የደረቀ የውኃ ጠብታም በሴራሚክ ላይ ምልክት መተዉ አይቀርም።

አራተኛው ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ በዓይን የማይለይ ላስቲክ ነው። ይህን የመሰለው ላስቲክ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን ክንፎች ከአሸዋና ከስብርባሪ ለመጠበቅ የተጠቀመበት ነው። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ስለሚደርስ ጠጠርን በእርግጥ የሚመክተው እርሱ ብቻ ነው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለዚህ አቅም የሌለው ሰው ለኮፈኑ ፊትና ለፓራፋንጎው ጠርዝ ብቻ ቢያስለጥፍ ይጠቀማል።

ታዲያ ለማን የቱ ይስማማል? መኪናው ጥላ ሥር የሚያድር፣ ቀለሙ ጥቁር ወይም ደማቅ የሆነና ለብዙ ዓመት የሚይዘው ሰው፣ ታማኝ ባለሙያ ካገኘ ሴራሚክ ቢያስቀባ ገንዘቡ አይባክንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ የቀለማቸው ጉዳይ ከሌላው አይለይም። የሥራ መኪና ግን በየቀኑ የሚጫር፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ በመሆኑ ባለቤቱ ራሱ ሊያድሰው የሚችለው ቅብ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ተቀምጠን ስንመክር ሃምሳ አለቃ ያሉት ልክ ሆኖ አገኘነው። ጨው እርጥበትን ይስባል፤ ዝገትም የሚጀምረው ከሚያብረቀርቀው ኮፈን ሳይሆን ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ ከሻንሲው መገጣጠሚያና ከበሩ ሥር ነው። በዚያ ቦታ ሰምም ሆነ ሴራሚክ አይደርስም። ስለዚህ የቀረችንን ገንዘብ ለሥሯ አዋልናት፤ ለላዩ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ የፖሊመር ቅብ ገዝተን በየስድስት ወሩ በእጃችን መቀባት ጀመርን። የሥሩ ቅብ በጭቃ ላይ ከተለበጠ እርጥበቱን አፍኖ ዝገትን ስለሚያባብስ፣ መጀመሪያ በኃይለኛ ውኃ ታጥቦ በሚገባ መድረቅ ይኖርበታል። የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መደፈን፣ ፍሬንና የጭስ ማውጫም መነካት የለባቸውም።

አቀባቡ

አዲስ መኪና ለወራት ሰም መቀባት የለበትም የሚባለው የተለመደ ስሕተት ነው። የፋብሪካው ቀለም ከ130 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ የተጋገረ ስለሆነ በማግሥቱ ቢቀባ ጉዳት የለውም። ጋራዥ ውስጥ በአየር የደረቀ ቀለም ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ እስኪያልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ወር መታገሥ አለበት። እኛም በኮፈናችን ጠርዝ ላይ ይህንኑ ጠብቀናል። መኪናው ከፋብሪካ በላስቲክ ተሸፍኖ ከመጣ ሙጫው በፀሐይ ሳይጋገር ቶሎ ይላጥ።

ከመቀባት በፊት መኪናው በመኪና ሳሙና ይታጠብ። የልብስ ሳሙና ዱቄት የነበረውን ቅብ ገፎ ይወስዳል፤ ናፍጣም ለጊዜው አብርቆ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አይጠብቅም። ላቫጆ የሚወሰድ መኪና በሌላው መኪና ጭቃ በተነከረ ጨርቅ እንዳይታሽ ባለቤቱ የራሱን ሰፍነግና ሁለት ባልዲ ይዞ ቢሄድ አያሳፍርም፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙና፣ አንዱ ሰፍነጉን ለማለቅለቅ ነው። ከታጠበ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ውስጥ አግብቶ ላሜራውን መዳሰስ ይጠቅማል፤ ከሻከረ ቆሻሻ ተጣብቋል ማለት ነውና መጥራት አለበት። አዲስ መኪና ከዚህ ያለፈ የማሽን ፍተጋ እምብዛም አያስፈልገውም። ቅቡ በማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ በቀዘቀዘ ላሜራ ላይ በስሱ ይቀባ፤ ሲወፍር ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ሴራሚክ የተቀባ መኪና ቢያንስ ለአንድ ቀን ውኃ አይንካው። የወፍ ኩስ ሲገኝ በእርጥብ ጨርቅ አልስልሶ ማንሣት እንጂ መፋቅ አይገባም።

ለሠራዊቱ አባላት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለመሰወር ሲባል ሆን ተብሎ እንዳያብረቀርቅ የተቀባ ተሽከርካሪ ሰም አይቀባም፣ በማሽንም አይፈተግም። የሚያብረቀርቅ ላሜራ ቦታን ያጋልጣል፤ የተቀባውም ቦታ ተዥጎርጉሮ ይቀራል። ለእንደዚህ ያለው ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው ንጽሕናና የሥር ጥበቃ ነው።

ፒክአፓችን እስካሁን በሥራ ላይ ናት። ከጅቡቲ መንገድ በተመለሰች ቁጥር ሥሯ ይታጠባል፤ ሻንሲዋም ጤናማ ነው። የኮፈኗ ጠርዝ ግን በቀትር ፀሐይ ሲታይ ከቀረው ነጭ ቀለም በጥቂቱ ይለያል። ባለ ሱቁ ጓደኛችን ያንን ቦታ ባየ ቁጥር ፈገግ ይላል፤ ሃምሳ አለቃም ምንም አይሉትም። መኪና የምትገዙ ወገኖቻችን ከሻጩና ከቀቢው በፊት እርስ በርሳችሁ ተማከሩ፤ ሰሙን ስታዩ ወርቁን አትርሱ። ወርቁ ከሥር ነው።