ሽጉጥን ከመታጠቅ በፊት ሊዘጋጅ ስለሚገባው ነገር

ሰው ከሚይዛቸው መሣሪያዎች አብዛኛው ቢዘነጋ ወይም ቢበላሽ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ ይሆናል። ማረሻው የተሰበረበት ገበሬ የሚጎዳው በገዛ እርሻው ነው፤ ብዕሩ የደረቀበት ጸሐፊም የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራውን ነው። የሽጉጥ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ባለቤቱ ለአንዲት ደቂቃ ቢዘነጋው መከራው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ምንም በማያውቅ በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በልጁ፣ በሚስቱ፣ በቤቱ በምታገለግለው ሠራተኛ፣ ወይም በመንገድ በሚያልፍ ባልንጀራው ላይ ነው። ስለዚህ ሽጉጥ የገዛ፣ ወይም በሥራው ምክንያት የተሰጠው ሰው፣ እንዴት እንደሚተኩስ ከመጠየቁ አስቀድሞ ሳይፈልግ እንዳይተኮስ እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቀው ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህ አሳብ ዛሬ የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ላይ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ደግሞም በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው በመቅረቱ ሰው የተገደለበት ባለቤት፣ ጥፋቱን በእንስሳው ላይ ጥሎ እንዲያመልጥ ያ ሕግ አልፈቀደለትም። ባለ ሽጉጥም እንደዚያ እንደ ባለ በሬው ነው፤ የያዘው ነገር ገዳይ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃልና። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በቁጥር 543፣ ሰውን በቸልተኝነት የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ይሁን እንጂ የእስራቱ ዘመን ቢፈጸም እንኳ፣ የገዛ ልጁን ደም በቤቱ ወለል ላይ ያየ አባት የኅሊናው እስራት የሚፈታበት ቀን የለውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ሕግን መፈጸም ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ስለሆነም ባለ ሽጉጡ ፈቃዱን በስሙ ማውጣት፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከፈቃዱ ጋር ማመሳከር፣ ቁጥሩንም በሌላ ወረቀት ጽፎ ሽጉጡ ከማይቀመጥበት ስፍራ ማኖር ይገባዋል። መሣሪያው ቢሰረቅ ያ ቁጥር ለፖሊስ ዋና ምልክት ይሆናልና። ከዚህም ጋር ሰው ራሱን ሊመረምር ይገባል። ሽጉጡን የሚፈልገው በእውነት ለሥራውና ለሕይወቱ ጥበቃ ነው ወይስ ከወገቡ ሲታይ ክብር የሚጨምርለት መስሎት ነው? ለክብር ብሎ የሚይዝ ሰው ሽጉጡን ማሳየት ይወዳል፤ ማሳየት የሚወድም መጠበቅን ይረሳል።

ሁለተኛው እርምጃ የያዙትን መሣሪያ ጠባይ ማወቅ ነው። ሽጉጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ሠራዊት የተመረጠው ማካሮቭ በካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ምላጩ ተስቦ እንዳይተኩስ የሚያግደው ቁልፍም በጎኑ አለው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው ቶካሬቭ ግን በመጀመሪያ ሲሠራ እንደዚህ ያለ የጎን ማገጃ አልተደረገለትም። ስለዚህ በማካሮቭ የለመደ እጅ ቶካሬቭን ሲይዝ፣ የሌለውን ማገጃ አለ ብሎ ሊታመንበት ይችላል። ማገጃ ያለው ሽጉጥ ቢሆንም ማገጃው በሰው እጅ የተሠራ ብረት ነውና ሊያረጅና ሊሰበር ይችላል፤ ጥንቃቄን የሚረዳ እንጂ ጥንቃቄን የሚተካ ነገር አይደለም።

ሰው የሚሞትበት አንድ ትልቅ ስሕተት አለ፤ እርሱም ካዝናውን ካወጡ በኋላ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ ማመን ነው። ካዝናው ቢወጣም አስቀድማ ወደ ውስጥ የጎረሰች አንዲት ጥይት በማጉረሻው ውስጥ ትቀራለች። እ.ኤ.አ. በ1935 እንደ ወጣው ብራውኒንግ ያሉ አንዳንድ ሽጉጦች ካዝናው ከወጣ እንዳይተኩሱ ሆነው ተሠርተዋል፤ ማካሮቭና ቶካሬቭ ግን ካዝናቸው ወጥቶ ሳለ ያችን አንዲት ጥይት ይተኩሳሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው፦ አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ማዞር፣ ጣትን ከምላጩ ማራቅ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ በውስጥ ያለችውን ጥይት ማስወጣት፣ በመጨረሻም ማጉረሻውን በዓይን ማየትና በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ ያስፈልጋል። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሳበ ሰው አንዲቱን ጥይት አውጥቶ ሌላይቱን ያጎርሳልና።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ አገር በአሪዞና የሽጉጥ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ጄፍ ኩፐር የባለ መሣሪያን ጥንቃቄ በ4 ደንብ ጠቅልሎ አስተምሯል። የእነዚህም ደንቦች አሳብ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። አንደኛ፣ መሣሪያን ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ አድርጎ መቍጠር ነው። ሁለተኛ፣ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አፈ ሙዝን አለማዞር ነው። ሦስተኛ፣ ለመተኰስ ቈርጠው እስኪያነጣጥሩ ድረስ ጣትን ወደ ምላጩ አለማስገባት ነው። አራተኛ፣ የሚተኩሱበትን ነገርና ከበስተኋላው ያለውን ለይቶ ማወቅ ነው። የእነዚህ ደንቦች ጥበብ እርስ በርሳቸው መደጋገፋቸው ነው፤ ሰው አንዱን ቢዘነጋ የቀረው ያድነዋል። ባዶ መስሎት የሳተ ሰው እንኳ አፈ ሙዙን ወደ ምድር አዙሮ ከሆነ የሚቆስለው መሬት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ሽጉጥ ተጓዳኝ ዕቃዎች እንናገራለን። ብዙ ሰው ሽጉጥ እንደ ገዛ የሚያስበው ስለ መያዣው ጌጥ፣ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ብር ልባጥ ነው። ይህ ሁሉ ለዓይን ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ ነፍስን አያድንም። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ፊተኛው ዕቃ የብረት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ቁልፍ ያለው፣ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር የታሰረ፣ ቁልፉም ከባለቤቱ የማይለይ ሊሆን ይገባል። ትራስ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከተሰቀለ ካፖርት ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ከልጆች መሰወር አይባልም፤ ልጆች በቤት ውስጥ ያለውን ስፍራ ሁሉ ከወላጆቻቸው ይልቅ ያውቁታልና። ገና የ4 ዓመት ሕፃን እንኳ ሽጉጡን ወደ ራሱ አዙሮ ምላጩን በሁለት አውራ ጣቶቹ ሊገፋው ይችላል። ሽጉጡን ባዶውን፣ ጥይቱንም ለብቻው በሌላ ቁልፍ ማኖር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ማኅደሩ ነው። መልካም ማኅደር ለዚያ ሽጉጥ መጠን የተሠራ፣ ከጠንካራ ቆዳ የተሰፋ፣ ምላጩን ፈጽሞ የሚሸፍን፣ ሰው ሲሮጥ ወይም ሲቀመጥ ሽጉጡን የማይጥል ነው። ሽጉጡን ያለ ማኅደር በቀበቶ መካከል የሚሽጥ፣ ወይም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪሱ የሚጨምር ሰው፣ አንድ ቀን ሌላ ነገር ምላጩን ሊስብበት ይችላል። ማኅደሩ አርጅቶ ቆዳው የታጠፈ ከሆነም እጥፋቱ ወደ ምላጩ ይገባልና መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ትክክለኛው ጥይት ነው። «9 ሚሊሜትር» የሚል ስም ብቻ አይበቃም። ለማካሮቭ የሚሆነው ጥይት 9 በ18 ሲባል፣ ለብራውኒንግና ለብዙዎች ሽጉጦች የሚሆነው 9 በ19 ይባላል፤ ሁለቱም ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ፈንታ አይገባም። የዛገ፣ የተጣመመ ወይም ውሃ የገባበት ጥይትም ሊከሽፍ ወይም መሣሪያውን ሊሰብር ስለሚችል ለሚመለከተው ባለሥልጣን መመለስ ይገባዋል።

አራተኛው የመወልወያ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ዘንግ፣ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት የመሣሪያ ዘይት ነው። ውልወላ ከመጀመሩ በፊት ጥይት ሁሉ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ ሽጉጥ ሲወለውል ሰው ገደለ የሚባለው ወሬ የሚመጣው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። በኦሪት ዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለበት ሰው የተነገረው ምሳሌ ይህን ያስታውሰናል፤ ነገር ግን ያ ሰው መጥረቢያው እንደሚወልቅ አላወቀም ነበር፤ ባለ ሽጉጥ ግን ያውቃል። ከውልወላም ሆነ ከተኩስ ልምምድ በኋላ እጅን ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም፤ የእርሳስ ትቢያ መርዝ ነውና፣ ይልቁንም ለሕፃናት ጎጂ ነው።

አምስተኛው የጆሮና የዓይን መከላከያ ነው። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ጆሮን ለዘወትር ሊጎዳ ይችላል፤ የሚወረወረው ቀለህም ዓይንን ሊመታ ይችላል። ከዚህ ጋር ደም የሚያቆም ማሰሪያና ንጹሕ ፋሻ በቅርብ ማኖር፣ አጠቃቀሙንም መማር ያስፈልጋል። ማቁሰል የሚችል መሣሪያ የያዘ ሰው ደምን ማቆምም ሊያውቅ ይገባዋልና።

ዕቃው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ትምህርት ከሌለ ከንቱ ነው። አዲስ ባለ ሽጉጥ ከሚያውቅ አስተማሪ ዘንድ በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ ይማር፤ በቤቱም ለልጆቹ፣ መሣሪያ ቢያዩ እንዳይነኩ፣ ከስፍራውም ሄደው ለትልቅ ሰው እንዲነግሩ ደጋግሞ ያስተምር። ጠጅ ወይም አረቄ በሚጠጣበት ቀን ሽጉጡን አይታጠቅ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኰስም ከጥንት የመጣ ልማድ ቢሆን ሊቀር የሚገባው ነው። ወደ ላይ የወጣች ጥይት ወደ ምድር ትመለሳለችና፣ የምትወድቅበትን ተኳሹ አያውቅም፤ ለደስታ የተተኮሰችው በሌላ ቤት ለቅሶ ታስነሣለች።

ለካህናት ደግሞ አንድ ከባድ አደራ አለባቸው። ልቡ በኀዘን የተጨነቀ፣ በሕይወቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ካህኑ ከምክሩና ከጸሎቱ ጋር በቤቱ መሣሪያ መኖሩን ይጠይቅ፤ ካለም ያ ሰው እስኪጽናና ድረስ ሽጉጡን በሕግ መሠረት ለፖሊስ እንዲያስረክብ ይምከረው፤ ወደ ሐኪምም ይላከው። ክፉ አሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ ያልፋል፤ በዚያች ሰዓት ሽጉጥ በእጅ አለመኖሩ ብቻ ነፍስን ሊያተርፍ ይችላል። በጠብ ላይ ያሉትን ባለ ደሞች ለሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም ይኸው ምክር ይሆናቸዋል።

የመሥሪያ ቤት አለቆችም በበታቾቻቸው እጅ ያለው መሣሪያ የሚቀመጥበትን ሣጥን፣ የሚጻፍበትን መዝገብና የሚሰጠውን ትምህርት ሊመረምሩ ይገባቸዋል። ሽጉጥ ሰጥቶ ሣጥን ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ለሣጥን የሚወጣው ገንዘብ ለቀብር ከሚወጣው ያንሳል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው እንደዚህ ላለው ነገር ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ ባለ ሽጉጥ ሁሉ ከእራቱ በፊት መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ይቆልፈው፤ የማያስፈልገውም ሆኖ ካገኘው በሕግ መሠረት ይመልሰው፤ ይህ ውርደት አይደለም። ዕድሜውን ሁሉ ሽጉጥ ታጥቆ አንድም ሰው ሳያቆስል በሰላም ያስረከበ ሰው፣ ማንም ባይዘምርለት እንኳ፣ ታላቅ ሥራ ሠርቷል።