እምቢታ ያቀያይማል?

ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሰርጉም ሽምግልናውም ጥር ላይ ይደራረባል። ለአንዱ ሚዜ፣ ለሌላው ኮሚቴ፣ ለሦስተኛው ዋስ ሁን ይባላል። ሁሉንም «እሺ» የሚያሰኙን እንደ እውነት የያዝናቸው ጥቂት ተረቶች ናቸው።

ተረት፦ «እምቢ ካልኩ ይቀየመኛል።»

እውነታ፦ ሊቀየም ይችላል፤ የምንፈራውን ያህል ግን አይደለም። ጁሊያን ጊቪና ኮሊን ከርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ግብዣ የማይቀበሉ ሰዎች የጋባዡን ቅሬታ አጋንነው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፣ የእኛ ይሉኝታ ይበረታል ቢባል አልከራከርም። ለቅሶም ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርግ ላይ ግን «እሺ» ብሎ በዋዜማው ስልክ ማጥፋት ከየትኛውም እምቢታ ይልቅ ያስቀይማል።

ተረት፦ «ቀኑ ሩቅ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ አገኛለሁ።»

እውነታ፦ ጋል ዛውበርማንና ጆን ሊንች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ሰው ወደፊት ከዛሬ የተሻለ ትርፍ ጊዜ እንደሚኖረው ያምናል፤ ስለ ገንዘቡ እንኳ እንዲህ አይታለልም። ከሁለት ወር በኋላ ላለ ቀን የተጠየቃችሁትን «ለነገ ቢሆን እችል ነበር?» ብላችሁ መዝኑት።

ተረት፦ «ምክንያት ካልደረደርኩ ንቀት ይመስላል።»

እውነታ፦ የተደረደረ ምክንያት ለድርድር በር ይከፍታል። መኪና የለኝም ካላችሁ መኪና ይላክላችኋል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዘንድሮ አልችልም» ይበቃል።

ተረት፦ «ዋስነት ፊርማ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተበዳሪው ካልከፈለ ዋሱ ይከፍላል። የአንድነት ዋስ ሆኖ ከፈረመ ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ሕጉ ለዋሱም አንድ መከላከያ ትቶለታል፤ ከፍተኛው የዋስትና መጠን ያልተጻፈበት ውል ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያዩ «ለወንድሜ ነው» ብሎ መፈረም ደግነት አይመስለኝም። ያንን ብር ከኪሳችሁ መክፈል ካልቻላችሁ አትፈርሙ።

ለመጪው ጥር «እሺ» ያላችሁት የማትችሉት ነገር ካለ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ሙሽራው ሌላ ሚዜ የሚፈልግበት ጊዜ ይኑረው።