ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ፍራሹ ላይ ተቀመጡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ታይዋን ልሄድ ነው፤ የቱን ስፒከር ልግዛ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ከድሬ ውጭ ላላችሁ፣ ታይዋን የምንለው ኤሌክትሮኒክሱም ልብሱም የሚሸጥበትን የድሬዳዋን ገበያ ነው።

መጀመሪያ እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሙዚቃ የምትሰሙት የት ተቀምጣችሁ ነው? በብዙ የድሬ ቤት መልሱ ያው ነው፦ ፍራሽ ላይ፣ መከዳ ተደግፈን፣ ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን። ከስፒከር ጋር የሚመጡት መመሪያዎች ግን አብዛኞቹ የሚያስቡት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የማያምር ድምፅ በየቤቱ የምንሰማበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስፒከሮች ስገዛ እኔም ይህን አላውቅም ነበር። አመጣኋቸውና ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ሱቅ ውስጥ የማረከኝ ድምፅ ቤት ሲገባ ጠፋ። ቤዙ ያጉረመርማል፤ ዘፋኙ የሚለው ግን አይለይም። እናቴ «አቦ ቀንሰው፣ ራሴን አመመኝ» ትለኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም። ተበላሽቶብኛል ብዬ ስፒከር ለሚጠግኑ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። ከፍተው አዩት፣ መልሰው ገጠሙት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው። አንተ የት ነው የምትቀመጠው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ነገሩን በቅጡ መማር የጀመርኩት።

ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር እንደ ባትሪ መብራት ናት። ወደ ፊቷ ታበራለች፤ ወደ ታችና ወደ ጎን ግን እየደከመች ትሄዳለች። የዘፋኙን «ስ» እና «ፍ»፣ የክሩን ንዝረት፣ የጸናጽሉን ጥራት የምታመጣው እሷ ናት። ቁም ሳጥን ላይ ስትቀመጥ ከጭንቅላታችን በላይ ያለፈ ድምፅ ግድግዳ መትቶ ነው የሚመለስልን። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ ትዊተሯም እዚያው ከፍታ ላይ ትሁን። ለኔ የሠራልኝ ቡሎኬት ነው። ጠፍጣፋ ወለል ላይ በእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ሁለት ወይም ሦስት ደራርባችሁ፣ ከላይ የጎማ ቁራጭ አድርጋችሁ ስፒከሩን ታስቀምጣላችሁ። ከባድ ስለሆነ ከስፒከሩ ጋር አይንቀጠቀጥም። ጨርቅ ካለበሳችሁት ደግሞ ለዓይንም አያስከፋም። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን እንዳይወድቅ አድርጋችሁ አስሩት።

ወደ ቤዙ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ጠለቅ ይላል። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። 44 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ልክ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ይገጥማል። ሲገጥም ድምፁ ግድግዳዎቹ ጋ ያብጣል፤ ክፍሉ መሃል ላይ ሊጠፋ ይደርሳል። እኛ ደግሞ የምንቀመጠው ግድግዳውን ተደግፈን ነው። በዚህ ላይ ስፒከሩን ጥግ ውስጥ ከወሸቅነው ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ቤዙን እንደገና ያጎሉታል። እናቴን ራሷን ያሳመማት ይሄ የቤዝ ማበጥ ነበር። ስፒከሩን ከጥግ አውጡ፤ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር አርቁት። መከዳውንም ወፈር አድርጉና ጭንቅላታችሁን ከግድግዳው ትንሽ አላቅቁ። ከኋላው ቀዳዳ ያለው ስፒከር ከሆነና ክፍሉ ጠባብ ከሆነ፣ ቀዳዳው ውስጥ ካልሲ ጠቅልሎ መክተት ጉርምርምታውን ይቀንሰዋል። እኔ አድርጌዋለሁ።

አረቢያን መጅሊስ የዘረጋ ሰው ደግሞ ሳያውቀው አንድ ነገር አግኝቷል። ሲሚንቶና ሴራሚክ ብቻ ባለበት ቤት አጨብጭቡ፤ ድምፁ እያስተጋባ ይመለስላችኋል። ወፍራም ፍራሽ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ሲገባ ያ ይጠፋል። ቤዙን ግን መጋረጃ አይይዘውም፤ ለሱ መፍትሔው ያው አቀማመጥ ነው።

አሁን ታይዋን እንግባ። ካርቶኑ ላይ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ተብሎ የተጻፈውን ሺህ ምናምን ዋት እለፉት፤ ስፒከሩ ዘላቂ በሆነ መንገድ የሚሸከመውን አይነግራችሁም። አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን ፈልጉ። ከሱም በላይ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ እዩ። 84 ዴሲቤል የሚሰጠው ስፒከር 80 ዋት ፈልጎ የሚደርስበትን ድምፅ፣ 90 የሚሰጠው በ20 ዋት ይደርስበታል። መካከለኛ መጠን ላለው ክፍል፣ ግድግዳ ተደግፎ ለሚሰማ ሰው፣ ከግዙፍ ሰብ ውፈር ይልቅ ሁለት ደህና መካከለኛ ስፒከሮችን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የውፈሩን ዙሪያ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ስፖንጅ ከሆነና ከፈረፈረ አርጅቷል፤ ጎማ የሆነው የበለጠ ይቆያል። ሾጣጣውን በሁለት ጣት እኩል ገፋ አድርጉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ ተዉት። ቴስተር ካለ ደግሞ ባለ 8 ኦሙ 6 አካባቢ ማንበብ አለበት። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ በመረጠላችሁ ዘፈን አትፍረዱ። እኔ የምይዘው የዓሊ ቢራን ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያረፈውን የድሬ ልጅ ድምፅና ዑድ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው አንድ ነገር ቢጎድል ወዲያው እንሰማዋለን።

ቤት ስታስገቡ ሽቦውን አደራ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፤ የዘፋኙም ቦታ ይጠፋል። ምልክቱ የጠፋበት ስፒከር ከሆነ ከአምፑ ነቅላችሁ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት፤ ሾጣጣው ወደ ውጭ ከወጣ፣ ፖዘቲቩን የነካው በኩል ነው ቀዩ። ከዚያ ሁለቱ ስፒከሮችና እናንተ እኩል ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ በመካከላቸው 2 ሜትር ካለ እናንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ራቁ።

የመጨረሻው ቬንቲሌተሩ ነው። እሱ ሲዞር ስስ ስስ የሆነው ድምፅ ይዋጣል። እኛም አምፑን እንጨምራለን፤ አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲሄድ ትዊተሯ ትቃጠላለች። እኔ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እጠብቃለሁ። ማታ ነፋስ ሲገባ ቬንቲሌተሩን አጥፍቼ ዓሊን እከፍታለሁ፤ ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ይመጣል። አሁን እናቴ ቀንሰው አትለኝም፤ ከማዕድ ቤት መጥታ ፍራሹ ላይ፣ መሃል ላይ ያለውን ቦታ ትይዝብኛለች።