«ማዘዝ» እና «ማንበብ»፦ ስለ ምስል ምርመራ ሙያዊ ቃላት

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ አዳማ ውስጥ የሚያሽከረክረው ባጃጅ ተገልብጦበት ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ተደገፈ። የእጁ አንጓ ስላበጠ ራጅ ተነሣና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የውጤት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የወረቀቱ ቃል «ስብራት አልታየም» የሚል ነበር። እኔ ግን በችኮላ «ስብራት የለም» ብዬ ተረጐምሁለት። እሱም ደስ ብሎት በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሕመሙ አልለቅ ስላለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ራጅ ቢነሣ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ካሉት ትናንሽ የአንጓ አጥንቶች አንዱ ተሰብሮ ተገኘ። ይህ አጥንት ሲሰበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህም ጥርጣሬ ካለ እጁ እንዲታሰርና ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ምርመራው እንዲደገም በሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ወረቀቱ የጻፈው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ትርጉሜ ነው።

«አልታየም» ስለ ተመልካቹና ስለ ምስሉ የሚናገር ግሥ ሲሆን «የለም» ስለ አጥንቱ ራሱ ይናገራል። ልዩነቱ በአማርኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የአካባቢው ሕዝብ በሚናገረው በኦሮምኛም «ሂን ሙልአኔ» እና «ሂን ጂሩ» ተብሎ በግልጽ ይለያል። እንግዲህ ጉድለቱ የቋንቋዎቹ ሳይሆን የተርጓሚው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የምስል ምርመራን ለማዘዝና ለመተርጐም በሚሠለጥኑበት መስክ የምንጠቀምባቸውን ዋና ዋና ቃላት መመርመር፣ ልዩነታቸውም እንዳይጠፋ የስያሜ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

2. «ራጅ» እና «ጨረር»

«ራጅ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛው «ራጂ» የመጣ ሲሆን የቃሉ ፍቺ «ጨረሮች» ማለት ነው። ሩንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘውን ጨረር ኢጣልያኖች የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ፍቺው ከጨረሩ ወደ ሥዕሉ ተሻገረ። ለዚህም ማስረጃው የሚከተለው ግሥ ነው፤ «ፎቶግራፍ ተነሣሁ» እንደምንል ሁሉ «ራጅ ተነሣሁ» እንላለን።

ይህ የፍቺ ሽግግር እንደ ስሕተት ሊታረም የሚገባው አይመስለኝም። እንዲያውም ጠቃሚ የሥራ ክፍፍል አስገኝቷል። «ጨረር» የሚለውን ቃል ሕዝቡ በአብዛኛው ከካንሰር ሕክምና ጋር አያይዞ ያውቀዋል። ስለሆነም ለአንድ ሕመምተኛ «የጨረር ምርመራ ታዟል» ቢባል ካንሰር የተገኘበት ሊመስለው ይችላል። «ራጅ» ለምስሉና ለምርመራው፣ «ጨረር» ደግሞ ሰውነትን ለሚያልፈው ኃይል ተለይተው ቢቀመጡ ይጠቅማል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ እንጂ በዚህ ዓይነቱ ጨረር ስለማይሠራ በሁለቱም ቃላት ሊጠራ አይገባም። ሦስቱንም ለማጠቃለል «የምስል ምርመራ» የሚለው ስያሜ በቂ ነው።

3. የባለሙያው ስያሜ

በእንግሊዝኛ «ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚባለው የሙያ ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ጀማሪዎቹም ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ነበሩ። ይህ ባለሙያ ታማሚን ይመረምራል፤ ምርመራ ያዝዛል፤ ውጤቱን አይቶ ያክማል። በአገራችን ተመሳሳይ ኃላፊነት ለረጅም ጊዜ የተሸከመው ጤና መኮንን ነው። ሥልጠናውም እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥልጠና እየወሰዱ፣ ሐኪም በሚያጥርባቸው ሆስፒታሎች ሲያገለግሉ ቆይተዋል።

ለ«ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚቀርቡት አቻዎች እንከን አላቸው። «ባለሙያ ነርስ» ቢባል ሌላው ነርስ ባለሙያ እንዳልሆነ ያስመስላል። «ከፍተኛ ነርስ» የደመወዝ ደረጃን ያመለክታል። «ሐኪም ነርስ» የሙያ ፈቃድን ያደበላልቃል፤ ሕዝቡም ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ማለት ስለሚቀናው ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። በእኔ አስተያየት በሕግና በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች ላይ የውጭው ስም እንዳለ ተይዞ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «መርምሮ የሚያክም ነርስ» በሚል ሐረግ ቢብራራ ይሻላል። «ጤና መኮንን» ብሎ መተርጐም ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን አንድ ማድረግ ነው።

4. «ማዘዝ» ወይስ «መጠየቅ»?

ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፤ ራጅም ያዝዛል። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ድርጊቱ ግን አንድ አይደለም። መድኃኒት ሲታዘዝ ውሳኔው በአዛዡ ዘንድ አልቋል። ምስል ሲታዘዝ ግን ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ለሌላ ባለሙያ ይቀርባል። ትእዛዝ ምክንያቱን መግለጽ የለበትም፤ ጥያቄ ግን የሚጠየቅ ነገር ሊኖረው ግድ ነው።

ከመቂ ወይም ከባቱ ጤና ጣቢያ ወደ አዳማ የሚላክ አንድ ታማሚ እናስብ። በወረቀቱ ላይ «የደረት ራጅ» ብቻ ተጽፎ ቢመጣ ፊልሙን የሚያየው ሰው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። «ሦስት ሳምንት ያስቆጠረ ሳል፣ የምሽት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ይኖር ይሆን?» ተብሎ ቢጻፍ ግን ዓይኑን ወደየት እንደሚጥል ያውቃል። ሠልጣኙ ሊማራቸው ከሚገቡት ነገሮች ዋናው ይህ ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው አካል በየትኛው ወገን እንደሚነሣ፣ ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ልትሆን እንደምትችል፣ ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነም ምርመራውን መተው እንደሚገባ።

የብሪታንያ ሕግ በዚህ ረገድ ለተርጓሚ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ በሕክምና ጊዜ ስለሚደርስ የጨረር ተጋላጭነት የሚደነግገው ደንብ ሦስት ኃላፊነቶችን ይለያል፦ ታማሚውን ለምርመራ የሚልከው፣ ጨረሩ ተገቢ መሆኑን መዝኖ የሚፈቅደውና ድርጊቱን የሚፈጽመው። ነርስ አስፈላጊውን ሥልጠና ወስዳ ተቋሟ ከፈቀደላት ላኪ ልትሆን ትችላለች። ደንቡ ግን ፈቃጁን የሚጠራው «ፕራክቲሽነር» ብሎ ነው! ተርጓሚው ይህን ሳያስተውል ቢያልፍ፣ ላኪዋን ነርስ ፕራክቲሽነር ፈቃጅ አድርጎ ሌላ ሕግ ይጽፋል። ስለዚህ «ላኪ»፣ «ፈቃጅ»፣ «ፈጻሚ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለዚህ አገባብ አቀርባለሁ።

5. «ማየት»፣ «ማንበብ»፣ «መተርጐም»

ሕዝቡ «ራጁን አነበበው» ይላል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሦስት እርከኖችን ይሸፍናል። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ትርጓሜ የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸው ይታወቃል። ንባብ ያወቀ ሁሉ ትርጓሜ ያውቃል አይባልም። ትርጓሜውም «አንድም» እያለ ሊሆኑ የሚችሉትን ፍቺዎች በየተራ ይዘረዝራል። የምስል ምርመራም አካሄዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። «በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ነጣ ያለ ጥላ ይታያል» ማለት ንባብ ነው። «አንድም ነቀርሳ፣ አንድም የሳንባ ምች፣ አንድም ዕጢ ሊሆን ይችላል» ማለት ትርጓሜ ነው። የታማሚውን ታሪክ፣ የአክታውን ውጤትና ምስሉን አገናዝቦ «ነቀርሳ ነው» ማለት ደግሞ ብያኔ ነው።

የልዩነቱ ክብደት በአልትራሳውንድ ላይ ጐልቶ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። በአገራችንም አዋላጅ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይህን እንዲሠሩ የሚያሠለጥኑ መርሐ ግብሮች ተካሂደዋል። ሥልጠናው «ውስን» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋላጇ የልብ ምትን፣ የፅንሱን ቍጥር፣ የእርግዝናውን ዕድሜ፣ የፅንሱን አቀማመጥና የእንግዴ ልጁን ቦታ ትለያለች። የአካል ጉድለትን ሁሉ ፈልጎ ማግኘት የዚህ ምርመራ ተግባር አይደለም። እናቲቱ ግን ወደ ቤቷ የምትወስደው ቃል «አልትራሳውንድ ታይቼ ልጁ ደኅና ነው ተባልሁ» የሚል ነው። «ውስን» የሚለው ቅጽል በሥልጠናው ሰነድ ላይ ቀርቶ ከእናቲቱ ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል። ስለሆነም የሚነገራት ቃል «የልብ ምቱ ይታያል፤ አቀማመጡም ይህ ነው፤ የተመለከትነው እነዚህን ነው» ቢሆን እውነትነቱ የተሟላ ይሆናል።

6. የስያሜ ሐሳቦች

ከላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ የሚከተሉት ቀርበዋል።

ሀ. የምስል ጥያቄ፦ ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ የሚቀርብ፣ ምክንያቱንና የሚፈለገውን መልስ የያዘ። «ማዘዝ» በንግግር ቢቀጥልም ቅጹ «የምስል መጠየቂያ» ይባል።

ለ. የመጀመሪያ ንባብ፦ ታማሚውን የያዘው ባለሙያ ለአስቸኳይ ውሳኔ ምስሉን አይቶ የሚመዘግበው።

ሐ. የባለሙያ ትርጓሜ፦ የራዲዮሎጂ ሐኪም ወይም በዚያ ደረጃ ሠልጥኖ የተፈቀደለት ሰው የሚሰጠው። ከመጀመሪያው ንባብ የሚለይ ከሆነ ታማሚው ተፈልጎ ይነገረዋል።

መ. ብያኔ፦ የሕመሙ ምንነት ተለይቶ የሚወሰንበት የመጨረሻ ቃል።

ሠ. አልታየም፦ በትርጉም ጊዜ በ«የለም»፣ በ«ነፃ ነው» ወይም በ«ጤነኛ ነው» አይተካ።

7. መደምደሚያ

በአገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ታማሚው ግን በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ስለ ሕመሙ የሚጠይቀውና የሚሰማው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተርጓሚ ብዙ ጊዜ መዝገበ ቃላት በእጁ የሌለው ነርስ ወይም እንደ እኔ ያለ ዘመድ ነው። የዘመዴ እጅ በኋላ ታስሮ ዳነ፤ መሪ ሲጨብጥ ግን እስከ ዛሬ ያመዋል። ሙያዊ ቃላትን የምናዘጋጅ ሰዎች ስለ አንድ አሉታዊ ግሥ ስንከራከር አንዳንዶች ይስቁብን ይሆናል፤ ክርክሩ ግን የሚገባ ነው።